ሰንሰለት የሌለው ቁራኛ፦ «ሂት»ን ደብረ ታቦር ላይ ማየት

«የማን ፊልም ነው?»

«የማን።»

«እኮ፣ የማን?»

ይህ ቀልድ በእኛ ዘንድ ካረጀ ቆይቷል። ማይክል ማን የሚባለውን አሜሪካዊ ዳይሬክተር ለኅብረታችን ልጆች ባሳየሁ ቁጥር አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ አዲስ የመጣው ግራ ይጋባል፣ ከዚያ ይሳቃል። ሰውየው አማርኛ ቢያውቅ ስሙን ይቀይር ነበር እላለሁ። እኔ ግን እወደዋለሁ። ካየኋቸው ዳይሬክተሮች ሁሉ ወንጀለኛን እንደ እሱ አሳምሮ የሚያሳይ አላውቅም፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ያው ማሳመሩ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሆነን በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ «ሂት»ን አየን። ሂት ማለት ሙቀት ነው፤ በሌቦቹ አነጋገር ደግሞ ፖሊስ ዙሪያህን ሲከብህ የሚሰማህ ትኩሳት። እኛ ግን ጋቢ ደርበን ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማችን በሐምሌ ምን እንደምትመስል ለምታውቋት አልነግራችሁም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የላፕቶፑ ድምፅ አልሰማ አለ። ስለዚህ እኔ እንደ ድሮ ትርጉም ፊልም ተራኪ ሆኜ በአማርኛ እያስተጋባሁ አስኬድኩት። ቪዲዮ ቤትን የማታውቁ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ አግዳሚ ወንበር፣ ጥቁር መጋረጃ፣ በራፉ ላይ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ስም። የእኛም ክፍል ከዚያ ብዙ አልራቀም፤ ቆሎና ሻይ ነበረን፣ መብራቱም ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ።

ወደ ፊልሙ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። «አማኝ ይህን ማየት አለበት ወይ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጥያቄውንም አልንቀውም። ፊልሙ ስድብ አለው፣ ደም አለው፣ ለታናናሾቻችሁ የማይሆን ትዕይንትም አለው። በአሜሪካም ቢሆን ከ17 ዓመት በታች ያለ ሰው ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ አይገባበትም። ከእኛ ዘጠኝ ሰዎች ትንሹ 20 ዓመቱ ነው። አትዩት የሚል ቢኖር አልከራከረውም። ነገር ግን ስንቶቻችሁ ይህንኑ ፊልም ወይም ወንድሞቹን በስልካችሁ ብቻችሁን፣ ከማንም ጋር ሳትነጋገሩበት እንዳያችሁ ስለምገምት፣ አብሮ አይቶ መነጋገር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

«ሂት» የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1995 ነው፤ ርዝመቱ 170 ደቂቃ። ታሪኩ የሁለት ሰዎች ነው። ኒል መኮሊ (ሮበርት ደ ኒሮ) የሎስ አንጀለስ የዘራፊዎች ቡድን መሪ ነው፤ ቪንሰንት ሃና (አል ፓቺኖ) የሚያሳድደው መርማሪ ፖሊስ። መኮሊ በአንድ ሕግ ይኖራል፤ «ሙቀቱ» ጥግ ላይ ሲመጣ በ30 ሰከንድ ጥለኸው ልትሄድ የማትችለው ነገር በሕይወትህ አይኑርህ ይላል። ሚስት የለውም፣ ቤቱ ውስጥ ዕቃ የለም። ሃና ደግሞ በሦስተኛ ትዳሩ ላይ ነው፤ እሱም እየፈረሰ ነው። አንዱ ምንም ላለመያዝ ወስኗል፤ ሌላው የያዘው ሁሉ ከእጁ እያፈተለከ ነው። ልዩነታቸው ይህን ያህል ነው፤ ማለትም ብዙ አይደለም።

አሁን ስለ ውበቱ። መኮሊ ማታ ወደ ባዶ ቤቱ ይገባል፣ ሽጉጡን ከመስታወት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ በመስኮቱ ባሕሩን ያያል። ሁሉም ነገር ሰማያዊ ነው። ማን ይህን ምስል የቀዳው አሌክስ ኮልቪል የተባለ ካናዳዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1967 ከሣለው ሥዕል ነው። ካሜራውን የያዘው ዳንቴ ስፒኖቲ ብቸኝነትን ብርሃን አልብሶ ያቀርበዋል። እዚያ ጋ ስንደርስ አንዱ ልጅ «እንዲህ ያለ ቤት ጌታ ቢሰጠኝ» አለ። ሌላኛው «ዕቃ የሌለበት ቤት አለህ እኮ፤ የጎደለህ ባሕሩ ነው» ብሎ መለሰለትና ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን አሰብኩበት። ማን ያደረገው ይኸው ነው፤ ማንም የማይወደውን ሕይወት፣ ያለ ዘመድ፣ ያለ ጎረቤት፣ ቡና የሚጠራው ሰው የሌለበትን ቤት፣ አስመኘን። ብቸኝነቱን ቢያስጠላን ኖሮ ፊልሙ ስብከት ይሆን ነበር። ስላስመኘን ግን አደገኛም ጥሩም ሆነ፤ የተመኘነውን ነገር ዋጋ ቆይቶ ያሳየናልና።

የማን ፊልሞች ሁሉ ስለ ሙያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 የሠራው «ቲፍ» ላይ ካዝና ሰባሪው ብረቱን ሲበሳ የምናየው አናጺ እንጨት ሲልግ እንደምናየው ነው፤ በትዕግሥት፣ በአክብሮት። «ሂት» ላይም ዘራፊዎቹ መኪናውን የሚያቆሙበት ቦታ፣ የሚለኩት ደቂቃ፣ የሚቆርጡት ሽቦ ሁሉ በፍቅር ተቀርጿል። አያችሁ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ማየት ያስደስታል። ሥራው ምን እንደሆነ እስክንረሳ ድረስ ያስደስታል።

እኛ ደብረ ታቦሮች ይህን ነገር ከማንም በላይ ማወቅ አለብን። ጋፋት አጠገባችን ናት። ባሴል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሰለጠኑ ወጣት ሚሲዮናውያን፣ ቫልድማየርና ጓደኞቹ፣ የእጅ ሙያ ይዘው ወንጌል ሊያስተምሩ መጡ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አሰፈሯቸውና መድፍ ሥሩ አሏቸው። አናውቅም አሉ፤ ኋላ ግን ሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለውና 7 ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ ከዚያ ወጥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በብዙ ሕዝብ እየተጎተተ ወራት በፈጀ ጉዞ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ነው። የንጉሡን ታላቅነት አልጠራጠርም፤ የሠራተኞቹንም ጭንቀት እረዳለሁ፤ ንጉሥ ፊት ቆሞ እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል ያውቁ ነበር። ነገር ግን ጋፋት በሄድኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ «ሂት»ን ሳይም መጣብኝ፤ ቅርጹ ተስተካክሎ ሲወጣ፣ ብረቱ ሳይሰነጠቅ ሲቀር፣ እነዚያ ወንጌላውያን ደስ አላቸው ይሆን? ይመስለኛል። ማንኛውም ባለሙያ ደስ ይለዋል።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። በመካከሉ ሃና መኮሊን አውራ ጎዳና ላይ ያስቆመውና፣ ሁላችንም ካቴና ስንጠብቅ፣ ቡና ይጋብዘዋል። ሁለቱ ታላላቅ ተዋንያን በፊልም ፊት ለፊት ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 «ዘ ጎድፋዘር» ሁለተኛ ክፍል ላይ ሁለቱም ቢኖሩም አንድም ትዕይንት አልተጋሩም። ማን ሁለት ካሜራ በሁለቱ ትከሻ ላይ በአንድ ጊዜ አስነስቶ ቀረጻቸው፤ አንዱ ሲናገር የሌላው ፊት በዚያችው ቅጽበት ምን እንደሆነ እንዳይጠፋ። የሚያወሩት ስለ ሕልም ነው። ሃና በሥራው ያያቸው ሟቾች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲያዩት በሕልሙ ያያል። መኮሊ ሲሰጥም ያያል። ከዚያ እያንዳንዳቸው፣ በጨዋነት፣ ጊዜው ሲደርስ ሌላውን ከመግደል እንደማይመለሱ ይነጋገራሉ። ነገሩ ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ የቺካጎ መርማሪ የነበረው ቸክ አዳምሰን ኒል መኮሊ ከሚባል እውነተኛ ዘራፊ ጋር ቡና ጠጥቶ፣ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1964 ገድሎታል። ታሪኩን ለማን የነገረው ራሱ አዳምሰን ነው።

ይህን ትዕይንት ሳይ ሁልጊዜ አንድ የአማርኛ ቃል ይመጣብኛል፤ ቁራኛ። በአባቶቻችን ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው፣ አብረው ተጉዘው፣ አብረው በልተው፣ አንድ ጣራ ሥር አድረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ሞገስ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2019 የሠራው «ቁራኛዬ» የተመሠረተው በዚህ ልማድ ላይ ነው፤ ባላንጣዎች በአንድ ሰንሰለት ታስረው ወደ ንግሥቲቱ ችሎት ይጓዛሉ። ያላያችሁት ፈልጉት። የፊልሙን ስም ደግማችሁ አንብቡት፤ «ጠላቴ» ሳይሆን «ቁራኛዬ» ነው የሚለው። «ዬ» የምትለዋ ፊደል በአማርኛ «ወንድሜ»፣ «ልጄ»፣ «እናቴ» በምንልበት ዓይነት የምታቀርብ ፊደል ናት።

ሃናና መኮሊም ቁራኞች ናቸው፤ ሰንሰለቱ ግን አይታይም። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፣ በዚህም ከምወደው ዳይሬክተር ይልቅ የአባቶቼን ልማድ አስበልጣለሁ። ከባላንጣህ ጋር አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ መለያየት ቀላል ነው፤ ሁለታችሁም አምሮባችሁ ትነሳላችሁ። ከእሱ ጋር ሳምንት መንገድ መሄድ፣ ሲያስል መስማት፣ ሲደክመው መቆም፣ እሱ ካልተነሳ መነሳት አለመቻል ግን ሌላ ነገር ነው። ቁጣ እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ይደክማል። ማን ለሁለቱ ሰዎቹ ያንን መንገድ አልሰጣቸውም። ቡናው ሳያልቅ ጥለውት ሄዱ።

ሰው ሁሉ ስለ ሁለቱ ኮከቦች ያወራል። እኔ ላወራላችሁ የምፈልገው ግን በዚያ ሁሉ ርዝመት ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስላለው ሰው ነው። ስሙ ብሪደን ነው። ከእስር ቤት በአመክሮ ወጥቶ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሥጋ ይጠብሳል። አለቃው ከደመወዙ ሩቡን ይቀማዋል፤ መጸዳጃ ቤትም ያስጠርገዋል፤ ቢናገር ወደ እስር ቤት ሊያስመልሰው ይችላል። ማታ ቤቱ ሲገባ የምትወደው ሴት እንደምትኮራበት ትነግረዋለች፤ እሱ ምን እንዳኮራት አይገባውም። አንድ ቀን መኮሊ ቁርስ ሊበላ ይገባል፤ የዝርፊያው መኪና ሹፌር በሰዓቱ ጎድሎበታል፤ ብሪደንን የሚያውቀው ከእስር ቤት ነው። ይጠይቀዋል። ሰውየው ለማሰብ ያለው ጊዜ ጥብሱ እስኪገለበጥ ድረስ ነው። አለቃውን ገፍቶ ጥሎት ይወጣል። እኛም አጨበጨብን። ከሰዓታት በኋላ ሴትየዋ የሞቱን ዜና በቴሌቪዥን ታያለች፤ ማን ፊቷን ብቻ ያሳየናል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል። አይመለስባትም።

ከእኛ መካከል ምግብ ቤት የምትሠራ እህት ነበረች። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። «አለቃውን አውቀዋለሁ» አለች፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

እኔ ግን ሌላ ሰው ትዝ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከማረሚያ ቤት የወጣ ወጣት ወደ ኅብረታችን መጥቶ ነበር። ምስክርነቱን ሰማን፣ እልል አልን፣ አንዳንዶቻችን አለቀስን። ለሦስት ወር ያህል በየእሑዱ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ከመካከላችን ሱቅ ያላቸው ነበሩ፣ ወፍጮ ያላቸው ነበሩ፣ ባጃጅ ያላቸው ነበሩ። አንዳችንም ሥራ አልሰጠነውም። ባጃጁ ያለው ወንድም «ጸልዬበታለሁ» ብሎ ነበር። ያ ወጣት ኋላ ከተማውን ለቆ ሄደ፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ማን በጥቂት ደቂቃ ያሳየውን እኛ በሦስት ወር አላየነውም።

የባንኩን ዘረፋ ተከትሎ የሚመጣው የአደባባይ ተኩስ በፊልም ታሪክ ስመ ጥር ነው። ማን ድምፁን በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ አልለጠፈውም፤ ባዶ ጥይቱ በሎስ አንጀለስ ሕንፃዎች መካከል ሲያስተጋባ እዚያው የተቀዳውን ተጠቀመ። ለዚህ ነው እንደ ሌላ ፊልም የማይጮኸው፤ ይሰነጠቃል፣ ይመለሳል፣ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ስለ ቴክኒኩ ላስረዳ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘወር ስል ግን ሁለቱ ልጆች ከመስኮቱ ሥር ወርደው ወለል ላይ ተቀምጠዋል። ሳያስቡት ነው። ከእነዚህ ዓመታት ወዲህ ይህ ድምፅ ለእኛ የፊልም ድምፅ ብቻ አይደለም። አቆምኩት። ሻይ ቀዳን። «ቀጥል» ያሉኝ እነሱ ናቸው። ማስተንተኔን ግን እዚያው ተውኩት፤ አሁንም እዚህ ላይ አልፈዋለሁ።

የፊልሙን ድካምም ልናገር፤ መውደድ ማሞገስ ብቻ አይደለምና። ሴቶቹ በአብዛኛው የሚጠብቁ ናቸው፤ መስኮት ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ መኪና ውስጥ። ኢዲ የተባለችው የመኮሊ ወዳጅ ማንነቱን ካወቀች በኋላ አብራው ለመሄድ የተስማማችበት ምክንያት አላሳመነኝም፤ ደራሲው እንድትሄድ ስለፈለገ ብቻ የሄደች ይመስለኛል። የሃና የእንጀራ ልጅ ታሪክ ደግሞ፣ ያች ማንም የማያያት ልጅ፣ ራሱን የቻለ ፊልም የሚወጣው ሆኖ ሳለ እዚህ እንደ ትርፍ ዕቃ ገብቷል። ፓቺኖም አልፎ አልፎ ይጮኻል፤ ለምን እንደሚጮኽ እሱም የሚያውቅ አይመስልም።

አሁን ወደ ዋሻው።

መጨረሻው ላይ መኮሊ አምልጧል። ገንዘቡ በእጁ ነው፣ ኢዲ አጠገቡ ናት፣ አውሮፕላኑ እየጠበቀ ነው። ዌይንግሮ የተባለው፣ በመጀመሪያው ዝርፊያ ያለ ምክንያት ሰው የገደለውና ኋላም ጓደኞቹን የሸጠው ሰው፣ የት ሆቴል እንዳለ በስልክ ይነገረዋል። ይተወዋል። መኪናው ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ነጭ ብርሃን ፊቱን ያጥበዋል፤ ከዓመታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም ያለው ሰው ይመስላል። ከዚያ ፊቱ ይለወጣል። መሪውን ይጠመዝዛል።

ክፍሏ በጩኸት ተሞላች። «ወንድ!» አለ አንዱ። «ደሙን ይመልሳል!» አለ ሌላው። እነዚህ በየሳምንቱ አብረውኝ የሚጸልዩ ልጆች ናቸው። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ልቤ ዘልሏል። ደም ያልመለሰ ሰው በገበያ ቀና ብሎ አይሄድም ሲባል፣ በሠርግ ላይ ሲፎከርና ሲሸለል እየሰማን ነው ያደግነው፤ ያ ነገር ስንጠመቅ ውኃው ውስጥ አልቀረም። ማን ስለ ደጋው ሰው አንድም ነገር አያውቅም፤ ግን ያንን የመሪ መጠምዘዝ ሲቀርጽ ደማችን ውስጥ ያለውን አገኘው።

አንዱ ልጅ ግን አልጮኸም። ከፋርጣ ገጠር የመጣ ነው፤ በቤተሰቡ መካከል ገና ያልደረቀ ደም አለ። ከዚህ በላይ ስለ እሱ አልነግራችሁም። ጩኸቱ ሲበርድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ወጥቶ ነበር እኮ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዝም ብለን አየን። መኮሊ ዌይንግሮን ይገድላል። ከሆቴሉ ሲወጣ ሃናን ያያል፤ ኢዲ መኪናው በር ላይ ቆማ እያየችው፣ 30 ሰከንዱን ቆጥሮ ጥሏት ይሮጣል። ሕጉን ጠበቀ። በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ የማኮብኮቢያው መብራት ሲበራ ጥላው ያጋልጠዋል፤ ሃና ይተኩሳል። ከዚያ ገዳዩ የሟቹን እጅ ይይዛል፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። የሚሰማው ሙዚቃ የሞቢ ነው፤ ርዕሱ «እግዚአብሔር በውኃዎች ፊት ላይ ሲንቀሳቀስ» እንደ ማለት ነው፣ ከዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ ሁለተኛ ቁጥር የተወሰደ። ማን ይህን ሲመርጥ ስለ ፍጥረት መጀመሪያ አስቦ ይሁን ዜማው ስለጣመው አልፈርድም። ግን ሁለት እጆች ተያይዘው፣ ከበስተኋላቸው ጨለማና መብራት፣ ከላይ ያ ርዕስ። ሰንሰለቱ በመጨረሻ ታየ፤ ለካ እጅ ነው። የዘገየ እጅ።

ስለዚህ መጨረሻ ብዙ ለመነጋገር አስቤ ነበር። ጥያቄዎችም ጽፌ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ልጆቹ ጫማቸውን ፈልገው ወጡ፤ ስኒዎቹን ያጠበችው ያች እህት ናት።

ረቡዕ ዕለት የፋርጣው ልጅ መጥቶ ፍላሹን ጠየቀኝ። ሙሉውን ሊያይ አልፈለገም፤ ዋሻውን ብቻ። እዚያው ተቀምጦ ሦስት ጊዜ አየው። «ፊቱን እየው፣ እዚህ ጋ» እያለ በጣቱ ያቆመዋል። «ማንም አልጠራውም። ሴትየዋም ዝም ብላለች። መንገዱ ክፍት ነው።» ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌዎች ደም ሊያደርቁ እንደሚቀመጡ፣ አጎቱ ከሽማግሌዎቹ በፊት እሱ ብቻውን እንዲመጣለት እንደላከበት ነገረኝ። ለምን እንደተፈለገ ሁለታችንም ገብቶናል። «ትሄዳለህ?» አልኩት። ላፕቶፑን ከደነውና ፍላሹን ኪሱ ከተተው።

«ይህን ልያዘው» አለኝ። እስካሁን እሱ ጋ ነው።